54 ቁጥር ቁልፍ ያለው ጋራዥ

ጋራዡ የስም ሰሌዳ የለውም። ጅማ ውስጥ የአዌቱን ወንዝ ተሻግሮ፣ መሐሉ ላይ ዋንዛ የቆመበት የቆርቆሮ አጥር ግቢ ነው፤ ደንበኞቹ «ሐጂ ቤት» ይሉታል። ባለፈው ዓመት ሰኔ መጀመሪያ የገባሁ ዕለት ዓይኔን የሳበው ግድግዳው ላይ በሚስማር የተንጠለጠለ አንድ ብረት ነበር። የሻይ ብርጭቆ የሚያህል ቡሶላ ቁልፍ፣ ጎኑ ላይ 54 የሚል ቁጥር የተቀረጸበት። ያን ጊዜ ትልቅነቱ ገርሞኝ አለፍሁት። ዛሬ ግን አሮጌ ላንድክሩዘር ይዞ ጅማ ውስጥ ጋራዥ የሚፈልግ ሰው ቢያማክረኝ መጀመሪያ የምለው «54 ቁጥር ቁልፍ አላችሁ? ብለህ ጠይቅ» ነው። ከሌላቸው ሻይ ጋብዟቸውና ይውጣ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በእነዚህ መኪናዎች የፊት ጎማ መሐል ሁለት ሾጣጣ ኩሽኔታዎች አሉ። የሚይዟቸው ሁለት ስስ ዳዶዎች ሲሆኑ በመካከላቸው ጠርዟ የሚታጠፍ ሮንዴላ ትገባለች። የዳዶዎቹ ልክ 54 ነው። ቁልፉ የሌለው መካኒክ ስካርፔሎ ያስደግፍና በመዶሻ እየመታ ይፈታል፤ እየመታም ያጠብቃል። ምን ያህል እንዳጠበቀ እሱም አያውቅ፣ መኪናዋም አትናገር። ከመጠን በላይ ከጠበቀ ኩሽኔታው ይቃጠላል፤ ከላላ ጎማው ይወዛወዛል። የእኔ መኪና ዳዶዎች ተፈትተው ሲወጡ ጠርዛቸው አይጥ የበላው ቂጣ ይመስል ነበር።

መኪናዋ የአባቴ ናት። በ1995 እ.ኤ.አ. የተሠራች ባለ ረጅም ወገብ ላንድክሩዘር ኤችዜድጄ 75፣ ከፊትም ከኋላም ባሌስትራ (የተደራረበ የብረት ቅጠል) ያላት። ሞተሯ ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ 4,164 ሲሲ ናፍጣ ነው፤ ቱርቦ የለው፣ ኮምፒውተር የለው። እኔ የምነዳት ለማርና ለቡና ግዢ ወደ ጌራና ወደ ሸቤ በኩል ነው፤ ከሥራ ሲተርፈኝ ደግሞ ልጆቼንና ድንኳኔን ጭኜ በለጠ ጫካ አድራለሁ። አባቴ ካረፈ በኋላ ሦስት ዓመት ታላቅ ወንድሜ ይዟት ነበር፤ እሱም በፍቅር አስጌጣት። በ15 ኢንች ቸርኬ ላይ ሰፋፊ የጭቃ ጎማ፣ ከፍ እንድትል በየባሌስትራው ተጨማሪ ቅጠል፣ ከመስታወቱ ጎን ወደ ላይ የሚወጣ፣ ጭስ ማውጫ የሚመስል የሞተር አየር ማስገቢያ ቱቦ፣ ፖርቶመጋላው ላይ የመብራት ረድፍ። ከሩቅ ስትታይ አንበሳ ናት። መሪዋን የጨበጠ ግን እኔ ነኝ፦ ወደ አጋሮ በሚወስደው አስፋልት ላይ 60 ስትደርስ መሪው እጄ ላይ ይንቀጠቀጣል፣ ከአጋሮ ወዲያ ወደ ጪራ ስንታጠፍ ደግሞ ዝናብ በነካው ቀይ አፈር ላይ እንደ ሳሙና ትንሸራተታለች።

ሐጂ ምንም ሳይፈቱ ክሪክ አስገቡና የፊት ጎማውን ከላይና ከታች ይዘው ናጡት። ጧ፣ ጧ የሚል ድምፅ መጣ።

«ልጄ፣ ይህን ሁሉ ማን ነው የሠራላት?»

«ወንድሜ ነው፣ ሐጂ።»

«መውደዱንስ ወዷታል» አሉና ወደ ሌላው ጎማ ዞሩ።

የግራው ጎማ ሲከፈት ከኩሽኔታው ጀርባ፣ ጎማው በሚጠመዘዝበት ክብ ብረት ውስጥ መኖር የነበረበት ወፍራም ግሪስ እንደ ቀጠነ ሽሮ ሆኖ ፈሰሰ። የውስጠኛው የዘይት ጎሚኒ አልቆ የዲፈረንሻሉ ዘይት ወደዚያ እየሰረገ፣ ግሪሱን ሲያቀልጠው ከርሟል። የኩሽኔታው ጥርሶች ላይ ደግሞ ሰማያዊ ጥላ ይታያል፤ ብረት ሲቃጠል የሚያወጣው ቀለም ነው። አዲሱ ኩሽኔታ የገባበትን መንገድ ቆሜ አይቻለሁ። ሐጂ መዳፋቸው ላይ ግሪስ ያደርጋሉ፣ የኩሽኔታውን ሰፊ ጎን መዳፋቸው ላይ እየደጋገሙ ይጫናሉ፤ ግሪሱ በጥርሶቹ መካከል አልፎ በወዲያኛው በኩል እንደ ትል ብቅ ብቅ እስኪል ድረስ ዙሪያውን አይለቁም። ቀባ ቀባ አድርጎ መግጠም በእሳቸው ቤት የለም። ከዚያ ዳዶውን በ54ቱ ቁልፍ ያጠብቃሉ፣ ጎማ የሚታሰርበትን ብረት ብዙ ጊዜ ያዞራሉ፣ ያላላሉ፣ እንደገና ያጠብቃሉ። በመጨረሻ ከመሳቢያ አንድ የመንጠቆ ሚዛን አወጡና የጎማው ብሎን ላይ አንጠልጥለው ሳቡ። መዞር ሲጀምር ሚዛኑ ከሦስት እስከ አምስት ኪሎ ማሳየት አለበት። አራት አካባቢ አሳየ። እኔ ማር የምገዛበት ሚዛን ራሱ ስለሆነ ሳቄ መጣ።

«ምን ያስቅሻል? አንቺ ማርሽን፣ እኔ ማርሼን» አሉኝ።

ስለ ጎማው ትንሽ ልዘግይ፤ ከሁሉ የሚያጨቃጭቀው እሱ ነውና። ሐጂ ሰፋፊዎቹን አስወልቀው መኪናዋን ወደ ተወለደችበት 7.50 በ16 መለሷት፤ ቀጭኑ፣ ካላማዳሪ (የውስጥ ጎማ) ያለው፣ የእርዳታ ድርጅት መኪና ሁሉ የሚያደርገው። ወንድሜ ፎቶውን ሲያይ «የአምቡላንስ ጎማ» ብሎ አላገጠብኝ። ግን የጅማ ዙሪያ ቀይ አፈር ብዙውን ጊዜ ከላይ ብቻ ነው የሚላቁጠው፤ ከአንድ ስንዝር በታች ደረቅና ጠንካራ ነው። ሰፊ ጎማ ላቁጡ ላይ ይንሳፈፍና ወደ ቦዩ ይወስዳል፤ ቀጭኑ ቆርጦ ወርዶ ጠንካራውን ይነክሳል። መሪውም ቀለለኝ፤ ኩሽኔታውም ወደ ውጭ ከተገፋ ከባድ ጎማ ተገላገለ። ቀጭን ጎማ የማያዋጣበት ቦታ መኖሩን ግን አልክድም፦ ወደ ግልገል ጊቤ ሜዳ ሲወረድ ያለው መረሬ አፈር ወለል የለውም። እዚያ ነሐሴ ላይ እስከ በሩ ሰምጬ፣ ንፋሱን ከ40 ወደ 25 ፒኤስአይ ባወርደውም አልወጣሁም። ያወጡኝ ሁለት ጥማድ በሬዎች ናቸው። የገበሬው ልጅ ፖርቶመጋላው ላይ ወጥቶ ጅራፍ ሲያጮህ የኔ ልጆች እስከ ዛሬ የሚያወሩት ትዕይንት ሆነ።

ይህ ጎማ የሚገባበት ባለ ቀለበት ቸርኬ አደገኛ መሆኑንም ልንገራችሁ። ቀለበቱ በደንብ ሳይቀመጥ ንፋስ ከተሞላ ተፈናጥሮ ሰው ይገድላል። ከግቢው አጠገብ ያለው ጎሚስታ በቸርኬው ውስጥ ሰንሰለት አዙሮ ነው የሚሞላው፤ ሰንሰለት የማያስር ጎሚስታ ካያችሁ ራቅ ብላችሁ ቁሙ።

የባሌስትራው ነገር አጭር ነው፤ ተጨማሪዎቹ ቅጠሎች ወጡ፣ ያለቁት ጎሚኒዎች ተቀየሩ፣ መኪናዋ አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ አለች፣ ወገቤ ተመሰገነ።

ያ ወደ ላይ የሚወጣው የአየር ቱቦ ግን ታሪክ አለው። ሐጂ ሞተሩን አስነሥተው ወጣቱን ረዳታቸውን የቱቦውን አፍ በመዳፉ እንዲደፍን አዘዙት። ቱቦው እውነተኛ ከሆነ ሞተሩ አየር አጥቶ መጥፋት አለበት። የእኛዋ ምንም እንዳልተፈጠረ ዱግ ዱግ ማለቷን ቀጠለች። ለካስ ከፓራፋንጎው ሥር ያለው መጋጠሚያ ከነጭራሹ አልታሰረም፤ ሞተሩ የሚተነፍሰው ከጎማው አጠገብ፣ ከጭቃውና ከአቧራው ነበር። ሦስት ዓመት ጌጥ ተሸክማ ኖራለች። አሁን በሁለት ማሰሪያ ጠብቋል፤ ረዳቱ ሲደፍነው ሞተሩ ድርግም አለ። ሰው ይህን ቱቦ ለወንዝ ብቻ የሚያስገጥመው ይመስለኛል። ለእኔ የጠቀመኝ በበጋ ነው፦ ጥርና የካቲት ላይ ከፊት የሚሄድ አይሱዙ የሚያስነሣውን ዱቄት ከዝቅተኛ ቦታ መሳብ፣ ሲሊንደርን በአሸዋ ወረቀት እንደ መፋቅ ነው።

የኋላው ዲፈረንሻል ዘይት ሲቀዳ ማኪያቶ ሆኖ ወጣ፤ ቀለሙም አረፋውም። ውሃ ገብቶበታል። የጋለ ዲፈረንሻል ቀዝቃዛ ወንዝ ውስጥ ሲነከር በውስጡ ያለው አየር ይኮማተርና በመተንፈሻው በኩል ውሃ ይስባል። መፍትሔው መተንፈሻው ላይ ቀጭን ጎማ ቱቦ ሰክቶ እስከ ኮፋኖው ሥር ድረስ ማውጣት ነው። ከሠሩልኝ ሁሉ እጅግ ርካሹ ይህ ነበር፤ ወንድሜ ለመብራቱ ረድፍ ያወጣውን ሳስብ ዝም ማለት ይሻለኛል።

አንድ ነገር ደግሞ እምቢ አሉኝ። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር አልፋ የተቀመጠች ናት፤ ወደ ዴዶ ሽቅብ ሲወጣ ቱርቦ የሌለው ሞተር ትንፋሽ ያጥረዋል። ወንድሜ በስልክ «ቱርቦ ይግጠሙላት» አለ። ሐጂ ስልኩን ተቀብለው አስረዱት፦ በዚህ ሞተር ነዳጁ መጀመሪያ የሚቀጣጠለው ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) ውስጥ ባለች ጠባብ ክፍል ነው፤ ያልተሠራበትን ሙቀት ሲጨምሩበት ቴስታታው ይሰነጠቃል። ከዚያ ዳሽቦርዱ ላይ የተለጠፈ ጥቁር ፕላስተር በጥፍራቸው ላጡ። ከሥሩ ቢጫ መብራት ቦግ ብሎ ወጣ። በየ100,000 ኪሎ ሜትሩ፣ የሞተሩ ቺንጊያ (ቫልቮቹን የሚያንቀሳቅሰው ቀበቶ) መቀየሪያው ሲደርስ የሚበራው መብራት ነው፤ ቺንጊያው ቢበጠስ ቫልቭና ፒስተን ይጋጩና ሞተሩ ይሞታል። «ይህንስ ቱርቦ ነው የሚያጠፋው?» ብለው ስልኩን መለሱልኝ። በማግሥቱ ተቀየረ። የአሮጌው ጀርባ እንደ ጥር ተረከዝ ተሰነጣጥቆ ነበር።

ቅሬታዬን ልደብቅ አይገባም። ሦስት ቀን የተባልኩት ሥራ 11 ቀን ፈጀ፤ ስልክ አይነሣም፤ ደረሰኝ የለም፤ ሒሳቡ የሚጻፈው የሲጋራ ካርቶን ጀርባ ላይ ነው። ዓርብ ከ6 እስከ 8 ሰዓት ለጁምዓ ዝግ ነው፤ እሱስ ባይሆን ልክ ነው፣ ግን ቀድሞ የሚነግር ሰው ቢኖር። የኤሌክትሪክ ሥራ አይነኩም። ዕቃም አይሸጡም፤ ገዝታችሁ ማምጣት ግዴታ ነው፤ እዚህ ላይ እኔ ተሞኝቻለሁ። ከአንድ ሱቅ የገዛሁት ኩሽኔታ ካርቶኑ ላይ የታወቀ የጃፓን ስም ነበረበት። ሐጂ ጆሯቸው ሥር አድርገው አሽከረከሩት፣ ቀለበቱ ላይ ያለውን ጽሑፍ በጥፍራቸው ፋቁ፤ ፊደሉ እንደ ቀለም ተላጠ። ትክክለኛው ይቀረጻል እንጂ አይታተምም አሉ። ሱቁ አልመልስም አለኝ፤ ዘመዴ ከአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ገዝቶ በአውቶቡስ ላከልኝ። ከ11ዱ ቀን አራቱ የሄዱት በእኔ ጥፋት ነው ማለት ነው። የእጅ ዋጋው ግን ለሁለቱም የፊት እግር የአንድ ጎማ ዋጋ ሩብ አይሞላም።

1,000 ኪሎ ሜትር ስነዳ ተመልሼ እንድመጣ አዘው ነበር፤ ሄድኩ፣ ዳዶዎቹን በሚዛኑ እንደገና ለኩና ሳንቲም አልተቀበሉም። ክረምቱን ሁለት ጊዜ ጪራ ደርሼ ተመልሻለሁ፤ መሪው 80 ላይ እንኳ ፀጥ ብሏል። በግራው ጎማ ጀርባ ብቻ ትንሽ እርጥበት አያለሁ። ሐጂ «ላብ ነው» ይላሉ፤ እኔ አላመንኩም፣ ከመስከረም በኋላ እናስከፍተዋለን።

ሰፋፊዎቹ አራት ጎማዎች ከነቸርኬያቸው እስከ ዛሬ ዋንዛው ሥር ተደርድረዋል፤ የሐጂ ዶሮዎች አንደኛው ውስጥ ዕንቁላል መጣል ጀምረዋል። ገዢ ከመጣ ሦስቱን ወዲያው መውሰድ ይችላል፤ ለአራተኛው ጫጩቶቹ እስኪፈለፈሉ መጠበቅ አለበት።