የመሥሪያ ቤቱ፣ ተርሙ ወይስ ሆል ላይፉ? አሜሪካ ላለ ቤተሰብ የላይፍ ኢንሹራንስ ንጽጽር

ለቅሶ ደርሼ ስመለስ ሁልጊዜ አንድ ነገር ያሳስበኛል። ዕድሩ ሥራውን ሠርቷል፣ አስከሬኑ ወደ አገር ቤት ተሸኝቷል። የቤቱ ሞርጌጅ ግን ወሩን ጠብቆ ይመጣል። ሶሻል ሴኩሪቲ ሰው ሲሞት አንዴ የሚሰጠው 255 ዶላር ነው። ሟቹ በቂ ጊዜ ታክስ እየከፈለ ከሠራ ልጆቹ 18 ዓመት እስኪሞላቸው ወርሃዊ ክፍያ ያገኛሉ፤ ግን እሱ ብቻውን ቤት ያቆማል ብላችሁ አትመኩ። ከዚያ ጎፈንድሚ ይከፈታል፣ ሁላችንም የአቅማችንን እናዋጣለን። ያ ገንዘብ ስንት ወር ያስኬዳል?

ስለዚህ በየቡናው የሚነሱትን የላይፍ ኢንሹራንስ፣ ማለትም ሰው ሲሞት ለቤተሰቡ የሚከፍል ኢንሹራንስ፣ ምርጫዎች ጎን ለጎን ላስቀምጥ።

መጀመሪያ የመሥሪያ ቤቱ። ብዙ ቀጣሪዎች የዓመት ደመወዝን አንድ ወይም ሁለት እጥፍ የሚከፍል ኢንሹራንስ በነፃ ወይም በትንሽ ዋጋ ይሰጣሉ፣ አብዛኛውን ጊዜም የጤና ምርመራ የለውም። ውሰዱት፣ ምንም ጥያቄ የለውም። ችግሩ ሥራውን ስትለቁ እሱም ይለቃችኋል። ወደ ግል ለማዞር የሚሰጠው ጊዜ ብዙ ጊዜ 31 ቀን ነው፣ ዋጋውም ይወደዳል። ደግሞ 45,000 ዶላር የሚያገኝ ሰው ሁለት እጥፉ 90,000 ነው፤ ሁለት ልጅ ላለው ቤት ይህ በቂ አይደለም። ኡበርና ሊፍት የሚነዳ ወገናችን ደግሞ የድርጅት ሠራተኛ ስላልሆነ ይህ እንኳ የለውም።

ሁለተኛው ተርም ነው። ለ10፣ ለ20 ወይም ለ30 ዓመት ትገዛላችሁ፣ ወርሃዊ ክፍያው አይለወጥም፣ በዚያ ጊዜ ውስጥ ከሞታችሁ ቤተሰብ ሙሉውን ያገኛል። ጊዜው ካለቀ ያበቃል። የማያጨስ ጤነኛ የ35 ዓመት ሰው የ500,000 ዶላር የ20 ዓመት ተርም በወር 30 ዶላር ገደማ ሊያገኝ ይችላል።

ሆል ላይፍ ዕድሜ ልክ ነው፣ ውስጡም ገንዘብ ይጠራቀማል። ግን ለተመሳሳይ መጠን ብዙ ጊዜ ከተርሙ 10 እጥፍና ከዚያ በላይ ያስከፍላል። በወር 30 ዶላር ያልከበደው ሰው 400 ሲሆን በሁለተኛው ዓመት ያቋርጣል፣ የከፈለውም አብዛኛው ይቀራል። እኔ ይሄ ነው የሚያናድደኝ። በተለይ በየቤቱና በየአዳራሹ «አይዩኤል» የሚባለው፣ የሚጠራቀመው ገንዘብ ዕድገት ከአክሲዮን ገበያ ጋር የታሰረ የዕድሜ ልክ ኢንሹራንስ፣ ሲሸጥ። ሻጩ የሚያሳያችሁ ሠንጠረዥ ሁለት ዓይነት ዓምድ አለው፦ አንዱ ገበያው ጥሩ ከሆነ የሚገመተው፣ ሌላው ኩባንያው ዋስትና የሚሰጥበት። ጣታችሁን ዋስትና ያለው ላይ አድርጋችሁ እሱን ብቻ አንብቡ። ቀድማችሁ ብትወጡ የሚቆረጥባችሁ ስንት እንደሆነ፣ ስንት ዓመት እንደሚቆይም ጠይቁ። ሻጩ ዘመድ ሊሆን ይችላል፣ ክፉ ሰውም ላይሆን ይችላል፣ ግን ኮሚሽኑ ብዙ ጊዜ የመጀመሪያውን ዓመት ክፍያ አብዛኛውን ስለሚይዝ ትልቁን ፖሊሲ (የኢንሹራንስ ውል) መሸጥ ለእሱ ይጠቅመዋል። የ10 ቀን ወይም ከዚያ የረዘመ የማሰቢያ ጊዜ በሕግ አላችሁ፤ ፈርማችሁ ከተጸጸታችሁ በዚያ ውስጥ መልሱት፣ ገንዘባችሁ ይመለሳል።

የዕድሜ ልክ እንክብካቤ የሚፈልግ ልጅ ላለው ሰው ሆል ላይፍ ትርጉም አለው። ልጅ እያሳደገ ሞርጌጅ ለሚከፍል ግን እኔ ተርም እላለሁ፣ የዓመት ገቢን በ10 ማባዛት ደግሞ ጥሩ መነሻ ነው።

አሁን ከማን? ኒውዮርክ ላይፍ ከ1845፣ ኖርዝዌስተርን ሚውቹዋል ከ1857 ጀምሮ ያሉ ናቸው። ሁለቱም ባለአክሲዮን የላቸውም፣ ባለቤቶቻቸው ደንበኞቹ ናቸው። የኩባንያዎችን የመክፈል አቅም በሚመዝነው ኤኤም ቤስት ዘንድ ከፍተኛውን ደረጃ፣ ኤ ፕላስ ፕላስን፣ ይዘው ቆይተዋል። የሚሸጡት በራሳቸው ወኪሎች ነው፤ ወኪሉ ብዙ ጊዜ የሌላውን ዋጋ አያሳያችሁም። ባነር ላይፍ ደግሞ ሜሪላንድ ስቴት፣ ፍሬድሪክ ነው ያለው። ዋናው ሥራው ተርም ነው፣ በዋጋ ከሚወዳደሩት አንዱ ነው፣ ከብዙ ኩባንያ ጋር በሚሠራ ነፃ ደላላ በኩልም ይገኛል። ደረጃው ኤ ፕላስ ሆኖ ቆይቷል፣ ለእኔ ይበቃል። ስኳር ወይም ደም ግፊት ያለበት ሰው ግን በቀጥታ ወደ ነፃ ደላላ ይሂድ፤ አንዱ ኩባንያ ያስወደደበትን ሌላው በደህና ዋጋ ይቀበለዋል። ከማንም ብትገዙ ተርሙ ያለ አዲስ ምርመራ ወደ ዕድሜ ልክ የሚዞርበት አንቀጽ እንዳለው አረጋግጡ። ኩባንያው ቢከስርስ? በአብዛኛው ስቴት የዋስትና ማኅበር እስከ 300,000 ዶላር የሞት ክፍያ ይሸፍናል።

ቅጹ ላይ አትደብቁ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ሞት ከደረሰ ኩባንያው ማመልከቻውን መልሶ ይመረምራል፣ የተደበቀ ሲጋራ ወይም በሽታ ካገኘ ክፍያውን ሊከለክል ይችላል።

እኛን ለይቶ የሚነካ ሌላም ነገር አለ፣ የስም ጉዳይ። ሚስት በአባቷ ስም ትጠራለች፣ ልጁ በባልየው፤ አንዱ ወረቀት ላይ «ጸ» በእንግሊዝኛ በአንድ ፊደል፣ ሌላው ላይ በሁለት ተጽፏል። ተጠቃሚ ብላችሁ የምታስገቡትን ስም ከመታወቂያው ጋር ፊደል በፊደል አስተያዩት። የልደት ቀንም እንዲሁ፣ ከእኛ አቆጣጠር ሲገለበጥ የተሳሳተ ብዙ ነው። ዕድሜ ተሳስቶ ከተገኘ ኩባንያው የሚከፍለውን መጠን በትክክለኛው ዕድሜ ያስተካክለዋል፣ ማለትም ሊቀንስ ይችላል።

አገር ቤት ሄዶ የሞተም ይከፈልለታል፣ ግን የሞት ማስረጃና፣ ሟቹ ዜጋ ከሆነ፣ የአሜሪካ ኤምባሲ የሞት ሪፖርት ይጠየቃል፣ ሂደቱም ይረዝማል። ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ገንዘቡን በቀጥታ መቀበል ስለማይችል ሞግዚት ወይም ትረስት (ገንዘቡን ለልጁ በአደራ የሚይዝ ሕጋዊ ውል) አብራችሁ አስቡ። ተፋታችሁ ከሆነ የድሮውን ስም ፈትሹ፣ ወረቀቱ ላይ ያለው ሰው ገንዘቡን ሊወስድ ይችላል። የፖሊሲውን ቁጥርና የኩባንያውን ስም ደግሞ ፎቶ አንስታችሁ ለባለቤታችሁ ላኩ፤ ፖሊሲ መኖሩን የማያውቅ ቤተሰብ አይጠይቅም፣ ካልተጠየቀ ደግሞ ገንዘቡ ዓመታት ሊቀመጥ ይችላል።