የዋንጫ ምሽት በድሬ ኳስ ቤቶች፦ ከ90ኛው ደቂቃ በኋላ የሚታይ አገልግሎት

የሊግ ጨዋታ የትም ቢታይ ብዙ ልዩነት የለውም። 90 ደቂቃው ሲያልቅ ያሸነፈው እየጨፈረ፣ የተሸነፈው ራሱን እየነቀነቀ ሒሳቡን ከፍሎ ይወጣል። የጥሎ ማለፍ ምሽት ግን ሌላ ነው። ከፊሽካው በኋላ 30 ደቂቃ ሊጨመር ይችላል፤ ከዚያም መለያ ምት አለ። ሰዓቱ ከሌሊቱ 6ን ያልፋል፣ አስተናጋጁ ይደክመዋል፣ ጄኔሬተሩ ነዳጅ ይጨርሳል። የደጋፊው ልብ ደግሞ የሚመታው ያኔ ነው። ስለዚህ ድሬዳዋ ውስጥ ኳስ የሚያሳዩ ቤቶችን የምንመዝነው በዚህ ነው፦ ጨዋታው አቻ ሆኖ ሲረዝም ቤቱ ደጋፊውን እስከ መጨረሻዋ ምት ያደርሰዋል ወይስ መንገድ ላይ ይጥለዋል?

ነሐሴ 21 ቀን 2017 ዓ.ም. ማንቸስተር ዩናይትድ ለካራባኦ ዋንጫ (የእንግሊዝ ሊግ ዋንጫ) ግሪምስቢ የሄደበትን ምሽት መለኪያ አድርጉት። በእኛ ሰዓት ከምሽቱ 4 ላይ የጀመረ ጨዋታ ነው። የአራተኛው እርከን ክለብ በ22ኛውና በ30ኛው ደቂቃ ሁለት አገባ፤ ምቤሞ በ75ኛው፣ ማጉዋየር በ89ኛው መለሱ። በዚያ ዙር ተጨማሪ ሰዓት ስለሌለ በቀጥታ ወደ መለያ ምት ተሄደ። 23 ኳሶች መረብ ውስጥ ገብተው የምቤሞ ምት አግዳሚ መትታ ተመለሰችና 12 ለ 11 አለቀ። ሲያልቅ ከሌሊቱ 6 ሰዓት አልፏል። በእንዲህ ዓይነት ምሽት 5 ሰዓት ተኩል ላይ ወንበር መደራረብ የሚጀምር ቤት፣ ምስሉ የቱንም ያህል ጥርት ያለ ቢሆን፣ ከእኛ ጥሩ ነጥብ አያገኝም።

የደጋፊውን ምላሽ የሚያውቅ ባለቤት ከዚህ ጨዋታ ብዙ ይማራል። ሁለት ጎል ሲገባባቸው የዩናይትድ ደጋፊዎች ማዕዘን ዝም ይላል፤ የሚጮኸው የአርሰናልና የሊቨርፑል ደጋፊ ነው። አቻው ሲመጣ ዝምታው ባንዴ ይፈነዳል፣ ወንበር ይወድቃል፣ ብርጭቆ ይሰበራል። በመለያ ምት ሲሸነፉ ደግሞ ንዴቱ ከተቃራኒ ደጋፊ ወደ ራስ ቡድን ይዞራል። «ተጠባባቂ አስገብቶ ነው» የሚለው የተለመደ ማጽናኛ ያን ምሽት አልሠራም፤ ኩኛና ሼሽኮ በቋሚ አሰላለፍ ውስጥ ነበሩ። ክርክሩ በረኛው ላይ፣ አሠልጣኙ ላይ፣ የመቺዎቹ ቅደም ተከተል ላይ ይሆናል። ይህ ክርክር እንዲወጣ ቦታና ጊዜ መስጠት የአገልግሎቱ አካል ነው። ጥሩ ቤት ጨዋታው ካለቀ በኋላ ትንታኔውን ለአንድ ሩብ ሰዓት ክፍት ይተዋል፤ ድምፁን ዝቅ ያደርገዋል እንጂ አያጠፋውም። ሰው ድጋሚውን እያየ፣ እየተከራከረ ይበርዳል። ፊሽካው እንደተነፋ ሙዚቃ የሚለቅ ቤት ግን ያልበረደ ሰው በር ላይ ያከማቻል፤ ጠብ የሚነሳውም እዚያው በር ላይ ነው።

ወደ ምስሉ እንምጣ። ከዚራ ውስጥ ዛፍ ባለባቸው ግቢዎች ኳስ ማየት ለድሬ ሙቀት የተሰጠ መድኃኒት ነው፤ ነፋስ አለ፣ ሰው አይታፈንም። ችግሩ ፕሮጀክተር ነው። የኤፍኤ ዋንጫ ፍጻሜ በቀን ብርሃን ሊጀምር ይችላል። ግንቦት 17 ቀን 2016 ዩናይትድ ሲቲን 2 ለ 1 ያሸነፈበት ፍጻሜ በእኛ 11 ሰዓት ላይ ነበር የጀመረው። ጋርናቾ በ30ኛው፣ ሜይኑ በ39ኛው ደቂቃ ሲያገቡ የድሬ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። በዚያ ሰዓት ግቢ ውስጥ በሸራ ላይ የሚታይ ፕሮጀክተር ጥላ እንጂ ኳስ አያሳይም፤ ቢጫና ነጭ ማልያ እንኳ አይለይም። መፍትሔው ውድ ፕሮጀክተር መግዛት አይደለም። ከ1 ሰዓት በፊት የሚጀምርን ጨዋታ በረንዳ ጥላ ሥር 55 ኢንች ቴሌቪዥን ላይ ማሳየት፣ ሲመሽ ወደ ሸራው መዞር ነው። ሸራው የግድ ከተባለ ጀርባው ወደ ምዕራብ ሆኖ ፀሐይዋ ፊቱ ላይ እንዳትወድቅ መሰቀል አለበት። ይህን ያደረገ ግቢ ካገኛችሁ ጠረጴዛ ቀድማችሁ ያዙ።

የሳቢያን አዳራሾች በዚህ በኩል ይሻላሉ፤ ጨለማ ስለሆኑ ምስሉ በማንኛውም ሰዓት ጥሩ ነው። ነገር ግን ጣሪያው ቆርቆሮ ከሆነ ቀኑን ሙሉ የጠጣውን ሙቀት ማታ ይተፋዋል፤ መቶ ሰው ሲጨመርበት መቀመጥ አይቻልም። የጣሪያ ማራገቢያ ብቻውን የጋለውን አየር መልሶ ያወርደዋል። ከፍ ብሎ በሁለት ትይዩ ግድግዳዎች ላይ መስኮት ያለው አዳራሽ ምረጡ። አግዳሚ ወንበሮቹም ደረጃ ከሌላቸው ከአራተኛው ረድፍ በኋላ ያለ ሰው የሚያየው የፊተኛውን ጀርባ ነው፤ «አቦ ዝቅ በል!» የሚለው ጩኸት ከአስተያየት ሰጪው ድምፅ ይበልጣል።

የመብራት ነገር ከሁሉም በላይ ሊጠየቅ የሚገባው ነው። ብዙ ባለቤቶች «ጄኔሬተር አለን» ብለው ይዘጉታል፤ ያ ግማሽ መልስ ነው። ባለ አምፖል ፕሮጀክተር መብራት በድንገት ሲጠፋበት ማራገቢያው ሳያቀዘቅዘው ይቆማል። ጄኔሬተሩ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ቢነሳ እንኳ የጋለው አምፖል ወዲያው አይበራም፤ ጥቂት ደቂቃ መቀዝቀዝ አለበት። ሪሲቨሩም ራሱን አስነስቶ ምስል እስኪያመጣ ሁለት ሦስት ደቂቃ ይወስዳል። ሁሉም ተደምሮ አምስት ደቂቃ ቢፈጅ፣ በሊግ ጨዋታ አንድ ኮርና ያመልጣል፤ በመለያ ምት ግን ስድስት ሰባት ምት ይሄዳል። ደጋፊው በስልኩ ውጤት ሲያይ ታገኙታላችሁ።

ማስተካከያው ቀላል ነው። ሪሲቨሩ ከ30 ዋት ያነሰ ነው የሚወስደው፤ 55 ኢንች ቴሌቪዥን ከ100 እስከ 150 ዋት። ሁለቱንም አንድ ባለ 1000 ቪኤ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያሻግር መሣሪያ) ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ያለ ችግር ይይዛቸዋል። ፕሮጀክተር 300 ዋት አካባቢ ስለሚፈልግ ጊዜው ያጥራል፣ ግን ያችን አንድ ደቂቃ ለመሻገር ይበቃል፤ ባትሪው ያረጀ ካልሆነ በቀር። የዩፒኤስ ባትሪ በድሬ ሙቀት ቶሎ ይሞታል፤ ሁለት ዓመት ያለፈውን ባለቤቱ በዋንጫ ዋዜማ ሶኬቱን ነቅሎ መሞከር አለበት። ዩፒኤሱ ለሁሉም ካልበቃ ቅድሚያ ለሪሲቨሩ ይሰጥ። ደንበኛ ከመቀመጡ በፊት ይህችን ብቻ ይጠይቅ፦ «ሪሲቨሩ ዩፒኤስ ላይ ነው?» ግር ብሎት የሚያይ ባለቤት መልሱን ሰጥቷችኋል። ጄኔሬተሩም ነዳጅ የሚሞላው በዕረፍት ሰዓት ነው፤ በ85ኛው ደቂቃ ጀሪካን ይዞ የሚሮጥ ልጅ ካያችሁ ቤቱ ለተጨማሪ ሰዓት አልተዘጋጀም።

ከመብራት ቀጥሎ ዲሹ ነው። ዲኤስቲቪ የሚገኝበት ሳተላይት በ36 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ስለሆነ ከድሬ ሲታይ ከአናት ብዙም አይርቅም፤ ወደ ደቡብ ምዕራብ ጥቂት ዘንበል ያለ ነው። ስለዚህ ዲሹ ፊቱን ወደ ሰማይ አንጋጦ ነው የሚቀመጠው፤ የከተማው አቧራና የወፍ ኩስ ሳህኑ ላይ ይከማቻል። የኤልኤንቢው (ዲሹ ፊት ለፊት ምልክቱን የሚቀበለው ክፍል) የፕላስቲክ ክዳን በፀሐይ ከተሰነጠቀ ደግሞ የመጀመሪያው ዝናብ ውስጡ ይገባል። በሐምሌና ነሐሴ ስክሪኑ ላይ 48-32 የሚል ቁጥር ከመጣ ምልክቱ ጠፍቷል ማለት ነው። ከባድ ዳመና ከሆነ ምክንያቱ መጠበቅ ብቻ ነው የሚሻለው፤ የድሬ ዝናብ ሲመጣ ይከብዳል፣ ግን ቶሎ ያባራል። ትልቁ ስሕተት ጣሪያ ላይ ወጥቶ ዲሹን ማሽከርከር ነው፤ ዝናቡ ቢያቆምም ምስሉ አይመለስም፣ ምሽቱም አበቃለት። ሰማዩ ጥርት ብሎ ቁጥሩ ከመጣ ግን ኬብሉን ከኤልኤንቢው ነቅሎ፣ የዛገ መሆኑን አይቶ፣ ጫፉን አድርቆ መልሶ ማጥበቅ ነው።

የሚመጣው የስሕተት ቁጥር 16 ከሆነ ነገሩ ከሰማይ ሳይሆን ከክፍያ ነው፦ ጥቅሉ አልታደሰም፣ ወይም ያ ቻናል በጥቅሉ ውስጥ የለም። በዋንጫ ምሽት ይህን ስሕተት ማየት ይቅር አይባልም። ከጨዋታው ቀን በፊት ከፍሎ፣ ሪሲቨሩን ከፍቶ፣ ቻናሉን መሞከር የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው።

አሁን ደግሞ ብዙ ሰው የማያስበው፣ እኛ ግን አጥብቀን የምንይዘው ነጥብ፦ መዘግየት። መጋላ አካባቢ ሻሂ ቤቶች ግድግዳ ለግድግዳ ተጠጋግተዋል። አንዱ በሳተላይት፣ ሌላው በኢንተርኔት የሚያሳይ ከሆነ የኢንተርኔቱ ግማሽ ደቂቃም፣ ከዚያም በላይ ወደ ኋላ ይቀራል። ኳሷ ገና መሐል ሜዳ ሳለች ከጎረቤት «ጎል!» ይሰማል። በመለያ ምት ይህ ጨዋታውን ይገድለዋል፤ መቺው ኳሷን ሲያስቀምጥ ውጤቱን ታውቃላችሁ። የሻሂ ቤት ባለቤቶች ምርጫቸው አንድ ነው፦ ጎረቤት ሳተላይት ካለው እነሱም ሳተላይት ይዘው ያንኑ ቻናል መክፈት። ደንበኛም በስልኩ የውጤት ማሳወቂያውን ያጥፋ፤ አንድ ሰው ስልኩን አይቶ ሲዘል ጠረጴዛው ሁሉ ይረበሻል።

በዚህ ሁሉ ግን መጋላ የራሱ ጸጋ አለው። ጠርሙስ የለም፣ ሻሂና ለውዝ ነው፤ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማልኛ በአንድ አግዳሚ ላይ ይከራከራሉ፣ ሽማግሌዎቹም ይሰማሉ። የጥጥ ፋብሪካው ክለብ የኢትዮጵያ ሻምፒዮን ሲሆን ያየች ከተማ ናት፤ ስለ ኳስ ከልብ የሚነገር ነገር የሚሰማው እዚያ ነው። ምግብ የሚፈልግ ከዚራ ይሂድ፤ ትእዛዙን ግን ከጨዋታው በፊት ይስጥ፤ በዕረፍት 15 ደቂቃ ጥብስ አይደርስም።

የውርርድ ትኬት የያዘ ደጋፊ የሚያነሳውን ጠብም ባለቤቱ አስቀድሞ ማወቅ አለበት። አብዛኛው «ያሸንፋል» የሚል ውርርድ የሚዘጋው በ90 ደቂቃና በባከነ ሰዓት ውጤት ነው፤ ተጨማሪ ሰዓትና መለያ ምት አይቆጠርም። ቡድኑ በመለያ ምት አልፎ ትኬቱ የተቃጠለበት ሰው ይናደዳል፣ ጎኑ ያለው ይስቃል። «ያልፋል» ብሎ መወራረድ ሌላ ነገር ነው። አስተናጋጆች ይህን ቢያውቁት ብዙ ግርግር በአንድ ዓረፍተ ነገር ይበርዳል።

ሰዓት ላይ ደግሞ በር ላይ የሚለጠፈውን ሰሌዳ ብቻ አትመኑ። የቻምፒየንስ ሊግ ዋናው የማታ ጨዋታ አውሮፓ በክረምት ሰዓቷ ላይ ሳለች፣ ማለትም ከጥቅምት ሦስተኛ ሳምንት ጀምሮ እስከ መጋቢት ሦስተኛ ሳምንት ድረስ፣ በእኛ ከምሽቱ 5 ነው የሚጀምረው፤ ከዚያ በኋላ 4 ይሆናል። ሰሌዳቸውን ያልቀየሩ ቤቶች በሚያዝያ ሩብ ፍጻሜ ደንበኛን በአንድ ሰዓት ያሳስታሉ። የኤፍኤ ዋንጫም ከ2017ቱ የውድድር ዘመን ወዲህ ከመጀመሪያው ዙር ጀምሮ ድጋሚ ጨዋታ የለውም። አቻ ከሆነ እዚያው ማታ ተጨማሪ ሰዓት ነው፤ 4፡45 የጀመረው እስከ 7 ሰዓት ተኩል ሊደርስ ይችላል።

በዚያ ሰዓት ባጃጅ እንደልብ አይገኝም። ባጃጅ ከደጁ የማያጣ ቤት፣ ወይም አስተናጋጁ ደውሎ የሚጠራበት፣ ከእኛ ተጨማሪ ነጥብ ያገኛል። ዋጋውን ከጨዋታው በፊት ተነጋገሩ፤ ከመለያ ምት በኋላ ሁሉም ባንዴ ሲወጣ መከራከር አይቻልም። ክረምት ከሆነና ከዚራ አይታችሁ ወደ መጋላ የምትሻገሩ ከሆነ ከተማውን የሚከፍለውን የደቻቱን ወንዝ በድልድዩ እለፉ። አሸዋው ደረቅ ቢመስልም ጎርፉ የሚመጣው ድሬ ላይ ከሚዘንበው ብቻ ሳይሆን ከደጋው ነው፤ የ1998ቱን ክረምት ጎርፍ ከተማው አልረሳውም።