ቅዳሜ ቅዳሜ ደብተር ይዞ ለሚመጣው ልጅ

ይህን ምስጋና መጻፍ የነበረብኝ ገና ፋሲካ ሳይደርስ ነው። ጊዜ አጣሁ። ዛሬ ባለቤቴ ምሳዋን በልታ ጋደም ብላለች፤ ኩሬዎቹም ሰላም ናቸው። ስለዚህ ተቀመጥኩ።

ከሐዋሳ በጥቁር ውሃ በኩል ወጣ ብሎ የዓሣ ኩሬ አለን። በአንድ ጀምረን አምና ሦስት አደረስን። እያንዳንዱ 300 ካሬ ሜትር ገደማ ነው። የምናረባው ቆሮሶ (ቲላፒያ) የሚባለውን ዓሣ ነው። የመጀመሪያዎቹን ጫጩቶች ከሰበታ የምርምር ማዕከል ኦክስጅን በተሞላ ላስቲክ ሌሊቱን ስናመጣ፣ ባለቤቴ መንገዱን ሙሉ እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም። መኪናው በቆመ ቁጥር ወርዳ በባትሪ እያበራች ታያቸው ነበር።

ኩሬው የእኔ፣ ደብተሩ የእሷ ነበር። ስንት ኪሎ መኖ ገባ፣ ስንት ዓሣ ወጣ፣ የትኛው ሆቴል ስንት ብር ቀረበት፣ ሁሉም በእሷ እጅ ጽሑፍ የተጻፈ ነው። እኔ ያለ እሷ ደብተር ትርፍና ኪሳራዬን አላውቅም።

ግንቦት ላይ ጡቷ ላይ እብጠት አገኘች። ሰኔ ላይ ቀዶ ሕክምና ሆነ። ቀጥሎ ኬሞ፣ ማለትም የካንሰር መድኃኒት፣ ተባለ፤ በየ21 ቀኑ፣ 8 ዙር። ከዚያ በኋላ ደግሞ ጨረር። በዚያው ሰሞን ሁለት ሆቴሎች በየሳምንቱ ዓሣ አቅርቡልን ብለው ነበር። ስንት ዘመን የጠበቅነው ነገር ነው። ሥራውን ልተወው ብዬ አስቤ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ግን መድኃኒቱን የሚገዛውም ዓሣው ነው።

መጀመሪያ የቀጠርኩት ሰው አልሆነልንም። ክፉ ሰው አልነበረም። ዓሣ ብዙ ከበላ ቶሎ የሚያድግ ይመስለዋል። የተረፈው መኖ ሥር ወርዶ በሰበሰ፣ ውሃው መሽተት ጀመረ። በሁለት ሳምንት ተለያየን። ያን ጊዜ ነው አንድ ወዳጄ ይህን ልጅ የጠቆመኝ።

ልጁ እዚሁ ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ የዓሣ እርባታ ተምሯል። አንድ ቦታ ተቀጥሮ አይቀመጥም። የአምስት ስድስት ሰው ኩሬ በወር ክፍያ እየዞረ ይይዛል። የመጣ ቀን መኖውን አልነካም። እጅጌውን ሰብስቦ ክንዱን እስከ ክርኑ ውሃው ውስጥ ከተተ። መዳፉ አልታየም። «ጋሼ፣ ውሃው በጣም አረንጓዴ ሆኗል። ዛሬም ነገም መኖ የለም» አለኝ። ያቺን የክንድ መለኪያ እስካሁን እኔም እጠቀምባታለሁ። ክርን ሳይጠልቅ መዳፍ ከጠፋ፣ ውሃው ውስጥ ያለው አረንጓዴ ነገር በዝቷል ማለት ነው። ቀን ኦክስጅን ይሰጣል፤ ሌሊት ግን እሱም ከዓሣው ጋር ይሻማል። ዓሣ ጎህ ሲቀድ የሚሞተው ለዚህ ነው።

ነሐሴ ላይ የሆነው እንዲህ ነው። ባለቤቴ ሁለተኛውን ኬሞ በወሰደች በ10ኛው ቀን፣ ሌሊት ላይ ትኩሳቷ 38.6 ገባ። በባጃጅ ሆስፒታል ወሰድኳት። (ኬሞ ላይ ያለ ሰው ቤታችሁ ካለ ቴርሞሜትር ግዙ። 38 ከደረሰ እስኪነጋ አትጠብቁ። በእነዚያ ቀናት ነጭ የደም ሴል ስለሚወርድ ትኩሳት አደገኛ ነው።) እሷ ግሉኮስ ተተክሎላት፣ እኔ አጠገቧ እንደተቀመጥኩ፣ 11 ሰዓት ላይ ሊነጋጋ ሲል ስልኬ ጠራ። ልጁ ነው። «ጋሼ፣ ሁለተኛው ኩሬ ላይ ዓሦቹ አፋቸውን አውጥተዋል። ዘበኛው ጠርቶኝ መጥቻለሁ፤ ፓምፑን አስነስቻለሁ። እርስዎ እዚያው ይሁኑ።» ይህንኑ ብሎ ዘጋው። ምን ላድርግ አላለኝም። ብሩን ከየት ላምጣ አላለኝም። ከጎረቤት ሁለተኛ ፓምፕ ተውሶ ውሃውን ከላይ እየረጨ አየር ሲያስገባበት እንዳነጋ በኋላ ከዘበኛው ነው የሰማሁት።

37 ዓሣ ሞተ። እነዚያን በቅናሽ እወስዳለሁ ያለ ሰው መጥቶ ነበር። ልጁ አልሸጠም፤ ጉድጓድ ቆፍሮ ቀበራቸው። ደብተሩ ላይ «37 ሞተ፣ ሁለተኛ ኩሬ፣ ኦክስጅን» ብሎ ጻፈ። ሌላ ሰው ቢሆን 10 ይለኝ ነበር፤ እኔም አምን ነበር።

እኔን በጣም የነካኝ ግን ይህ አይደለም። ደብተሩ ነው።

ባለቤቴ ከታመመች ወዲህ ሁላችንም ስለ ሥራ አናወራላትም ነበር። እንዳትጨነቅ ብለን ነው። ዘመድ ሁሉ «አንቺ ብቻ ዳኚ» ይላታል። ይህ ልጅ ግን በሁለተኛው ቅዳሜ ደብተሩን ይዞ ቤት መጣ። «እትዬ፣ ይዩልኝ፤ የመኖው ሒሳብ አልመጣ ብሎኛል» አላት። እኔ ተናድጄ ነበር። እሷ ግን ትራሷን ደገፍ ብላ ተቀመጠች፣ መነጽሯን አመጣሁላት፣ ሩብ ሰዓት ሙሉ ገጽ ገለጠች። የፉርሽካውና የፋጉሎው ዋጋ ተደባልቆ ነበር። ለየችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣል። ደክሟት መነሳት ባቃታት ቀን እያነበበላት ትሰማለች።

ሽታውን ደግሞ እሱ ነው ያሰበልን። ከኬሞ በኋላ የዓሣ ሽታ አልሆንልሽ አላት። እኔ በሩን ስከፍት ነው ማስመለስ የምትጀምረው። በሳሙና ብታጠብም፣ በሎሚ ብታሸም ለውጥ የለውም። ልጁ ኩሬው ዳር ባለችው ቆርቆሮ ቤት ሚስማር መትቶ «የሥራ ልብስዎን እዚህ ይስቀሉ፤ ሰውነትዎን እዚህ ይታጠቡ፤ ቤት በሌላ ልብስ ይግቡ» አለኝ። ደብተሩንም በሁለት ፌስታል ጠቅልሎ ነበር የሚያመጣው። ይህን ማንም አላስተማረውም።

የኬሞውን ቀን ሁሉ ደብተሩ ላይ ምልክት ያደርግ ነበር። በዚያ ሳምንት መረብ አይጣልም፤ ሆቴሎቹ ቀደም ብሎ ይነገራቸዋል። አንድ ጊዜ የደም ምርመራዋ ዝቅ ብሎ ዙሩ በሳምንት ተገፋ። እሱም ሽያጩን በሳምንት ገፋው።

ጥር መጨረሻ ላይ ለጨረር አዲስ አበባ ሄድን። በሳምንት አምስት ቀን ስለሆነ ተመላልሶ የሚሆን አይደለም፤ ዘመድ ቤት ሰነበትን። ዐቢይ ጾም የገባው እዚያ እያለን ነው። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ለአባቶች እተወዋለሁ፤ ገበያው ግን የሚደራው ያን ጊዜ ነው። የዓመቱ ትልቁ ሽያጫችን እኔ በሌለሁበት ሆነ። ሊያወጣ ሲል አንድ ቀን መኖ ያቆማል፣ ማለዳ በመረብ ያወጣል፣ ይመዝናል፣ ማታ የገጹን ፎቶ በቴሌግራም ለባለቤቴ ይልካል። ለእኔ አይደለም፣ ለእሷ። ስንመለስ ብሩን ከደብተሩ ጋር አስተያየችው። አንድ ብር አልጎደለም።

አራተኛ ኩሬ ልቆፍር ስል የከለከለኝም እሱ ነው። «ኩሬ ቢጨምሩ የእኔ ገቢ ይጨምራል። ግን አሁን ሁለት ቦታ ነዎት፤ ሦስተኛ አይጨምሩ» አለኝ። ቃል በቃል ነው የጻፍኩት።

ልትቀጥሩት የምታስቡ ሁሉ ይህን እወቁ። ርካሽ አይደለም። ጠዋት ውሃ ውስጥ ስለሆነ ስልክ አያነሳም። በአንድ ካሬ ሜትር ከሦስት ዓሣ በላይ ጨምርልኝ ካላችሁት፣ አየር የሚሰጥ መሣሪያ ከሌላችሁ በስተቀር እሺ አይላችሁም፤ ብትለማመጡትም አይሰማም። ቆሮሶው ተባዝቶ ኩሬውን እንዳይሞላው ጫጩቶቹን የሚበላ ጥቂት አምባዛ ይጨምርበታል፤ ይህን ሲያደርግ አትከራከሩት፣ ልክ ነው።

ባለቤቴ አሁን ሕክምናዋን ጨርሳ በየቀኑ የሚዋጥ ኪኒን ላይ ናት፤ ክትትሉ ይቀጥላል። ፈጣሪ ይመስገን። ባለፈው ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ ኩሬው ድረስ ሄዳ በእጇ መኖ በተነች። ሽታውንም ቻለችው።

ወንድሜ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ስምህን እንዳልጽፍ ስለለመንከኝ አልጻፍኩም። ኩሬ ኖሯችሁ እንደኔ የታመመ ሰው አጠገብ የምትውሉ ካላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ስልኩን እሰጣችኋለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ብቻ አትደውሉለት። እኛ ቤት ነው፣ ከእትዬው ጋር ሒሳብ ላይ።