ለብሎኬት አምራቾች የሚሰጠው የዩኒቨርሲቲ ፍተሻ፦ ማሽኑ ደህና፣ ትስስሩ ገና

በምሥራቁ የአገራችን ክፍል ያለ አንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ለድሬዳዋ ብሎኬት አምራቾች የጥንካሬ ፍተሻ ይሰጣል። አገልግሎቱ ይጠቅማል፤ ግን ከግማሽ መንገድ አላለፈም።

ፍተሻው ራሱ አስተማማኝ ነው። የባለ 20 ብሎኬት ገጽ (40 በ20 ሳንቲ ሜትር) 80,000 ካሬ ሚሊ ሜትር ስለሆነ በ320 ኪሎ ኒውተን ቢሰበር ጥንካሬው 4 ሜጋ ፓስካል (በካሬ ሚሊ ሜትር 4 ኒውተን) ይመጣል። ባለሙያዎቹ ማሽኑ ላይ ከማስቀመጣቸው በፊት ላይና ታቹን በስስ ሞርታር ይደለድላሉ፤ ሊመሰገኑበት ይገባል። ይህ ከታለፈ ጭነቱ ጎርባጣው ላይ ብቻ ያርፍና ደህናው ብሎኬት ደካማ ሆኖ ይመዘገባል።

ቅር የሚያሰኘው ውጤቱ የሚሰጥበት መንገድ ነው። ወረቀቱ ላይ ቁጥርና ማኅተም እንጂ ብሎኬቱ ለምን እንደደከመ የሚናገር አንድ መስመር የለም። ድሬ ላይ ደግሞ ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ የታወቀ ነው። በዚህ ሙቀት ሲሚንቶው ሳይጠነክር ውኃው ይተናል፤ ስለዚህ ብሎኬቱ ጥላ ሥር እርጥብ ጆንያ ለብሶ ቢያንስ 7 ቀን፣ ቀትርም ጭምር፣ ውኃ መጠጣት አለበት። ካልሆነ አሸዋው ነው። ከጎርፍ በኋላ ከደቻቱ ወንዝ የሚጫን አሸዋ ደለል ይበዛዋል። ግልጽ ጠርሙስ ውስጥ አሸዋ፣ ውኃና ትንሽ ጨው ጨምሮ መምታትና ማሳደር ነው፤ ከላይ የሚተኛው ደለል ከ6 በመቶ ካለፈ አሸዋው ይታጠብ። ይህን ሙያ ለአምራቹ ካላቀበለ ቤተ ሙከራው ሚዛን ብቻ ሆኖ ይቀራል።

አርጀንቲናዊው የቴክኖሎጂ ምሁር ሆርሄ ሳባቶ ከናታሊዮ ቦታና ጋር በ1968 እ.ኤ.አ. መንግሥትን፣ አምራቹንና የምርምር ተቋሙን በሦስት ማዕዘን ሲያስቀምጥ ክብደቱን የሰጠው ለሚያገናኟቸው መስመሮች ነበር። እዚህም የሚያሳስበው ይኸው ትስስር ነው። ሼድ የሚሰጠውም ትልቁ ገዢም መንግሥት ነው፤ ጨረታው የፍተሻ ውጤት ካልጠየቀ አምራቹ ለናሙና የመኪና ኪራይ የሚያወጣበት ምክንያት አይኖረውም። ክፍያውም ከቤተ ሙከራው ወጥቶ የጋራ ቋት ከገባ ለመለዋወጫ መግዣ የሚተርፍ የለም።

የምትሄዱ አምራቾች፣ ስድስት ብሎኬት ሳትመርጡ ከክምሩ የተለያየ ቦታ አንሱ፤ የተመረተበትን ቀን ጻፉበት፤ በ28ኛው ቀን እንዲሰበር አድርጉ። በማመልከቻችሁም ላይ «ከነምክንያቱ ይገለጽልን» የሚል ጨምሩበት።