በ45 ዓመት ሙያ መቀየር፦ የማታ ትምህርት ወይስ የእንጨት ሥራ?

ከሥራ ተሰናብቶ ጣና ዳር ቡና ይዞ «ከእንግዲህ ምን ልማር?» እያለ ለሚተክዝ የባሕር ዳር ጎልማሳ ሁለት መንገዶችን እናነጻጽር።

የማታ ትምህርት፦ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ ገብቶ ዲግሪ መያዝ ዓመታት ይፈጃል፤ ክፍያው በየሴሚስተሩ ይመጣል፤ ልጁን ከሚያክል ተማሪ ጋር መቀመጥም መጀመሪያ ላይ ያሸማቅቃል። ወረቀቱ ግን ለመንግሥት ቅጥር ይጠቅማል።

የእንጨት ሥራ ልምምድ፦ ወጪው ጥቂት ነው፣ ገቢውም መጀመሪያ ከኪስ ገንዘብ አያልፍም። የመጀመሪያዎቹ ወራት ሰጋቱራ በመጥረግና ሌላው የለካውን የዋንዛ ጣውላ ይዞ በመቆም ያልፋሉ፤ ሆኖም ማታ ላይ ተሠርቶ የቆመ ወንበር ማየት፣ ለተሰበረ ልብ ከፈተና ውጤት ይልቅ ቶሎ የሚደርስ ይመስለኛል። በልምድ የተማረ ሰውም የሙያ ብቃት ምዘና ተፈትኖ ማረጋገጫ ማግኘት እንደሚችል ብዙዎች ልብ አይሉም።

ቤቱን የሚደግፍ ሌላ ደመወዝ ላለው ትምህርቱ ይቻላል፤ የወሩ ኪራይ ለሚያስጨንቀው፣ እጁም ለሥራ ለማይሰንፍ፣ ልምምዱ ይሻላል።