ኦክላንድ አካባቢ ፓርቲ የምታዘጋጁ ልጆች፣ እኚህን ሰው ያዙ

ሰላም ቤተሰብ። ዛሬ ሰው ላመሰግን ነው፣ በዚያውም ልጠቁማችሁ። ካሊፎርኒያ ውስጥ ኦክላንድ፣ በርክሌይ፣ ሪችመንድ አካባቢ በመጋዘን፣ በጋራዥ፣ ሰው በለቀቀው ሱቅ ውስጥ ፓርቲ የምታዘጋጁ ልጆች እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ አድራሻው ማታ በቴክስት የሚላከውን ዓይነት ማለቴ ነው። እኔም ከእናንተው አንዱ ነኝ። ክለብ እንዳንከራይ ኪራዩ ወገብ ያጎብጣል።

የማመሰግናቸው ሰው ፈቃድ ያላቸው ኤሌክትሪሺያን ናቸው፣ ዕድሜያቸው ገፋ ያለ ሐበሻ። ስማቸውን እዚህ እንዳልጽፍ ስለነገሩኝ ሁላችንም እንደምንጠራቸው ጋሼ ልበላቸው። ከፓርቲው በፊት መጥተው ቤቱን ያዩላችኋል። ምን እንደሚነሳ፣ ምን እንደሚስተካከል፣ ስንት ሰው እንደሚገባ ይነግሯችኋል። ሙዚቃችንን የወፍጮ ድምፅ ነው የሚሉት፣ ግን ይመጣሉ።

እዚህ ከተማ ይሄ ነገር ለምን እንደሚያንገበግብ ለአዲስ መጪዎች ልንገር። በፈረንጆቹ ዲሴምበር 2 ቀን 2016 ማታ ፍሩትቬል ሰፈር ጎስት ሺፕ የሚባል መጋዘን በፓርቲ መሀል ተቃጥሎ 36 ሰው ሞተ። አርቲስቶች ይኖሩበት ነበር። ምድሩ በእንጨት፣ በምንጣፍ፣ በአሮጌ ፒያኖ የታጨቀ፣ ፓርቲው ፎቅ ላይ፣ ከደረጃዎቹ አንዱ ደግሞ ከፓሌት፣ ማለትም ዕቃ ከሚጫንበት የእንጨት ርብራብ፣ የተሠራ። ከጣሪያ ውሃ የሚረጭ ስፕሪንክለር የለም። ሰዎቹን የጨረሳቸው ጭሱ ነው። ቤቱን ተከራይቶ ያስተዳድር የነበረው ሰውዬ 2021 ላይ ጥፋተኛ ነኝ ብሎ 12 ዓመት ተፈረደበት፤ እሳቱ ከምን እንደተነሳ ግን መርማሪዎቹ በእርግጠኝነት መለየት አልቻሉም።

ከዚያ በኋላ አከራዮች ደንግጠው አርቲስቶችን ማስወጣት ጀመሩ። ፓርቲው ግን አልቆመም፣ ይበልጥ ተደበቀ እንጂ። ማዘጋጃ ቤት ብጠይቅ ይዘጋብኛል ብሎ የሚፈራ ልጅ ማንንም አይጠይቅም፣ ዝም ብሎ ስፒከሩን ይሰካል። ጋሼ የደረሱልን እዚህ ላይ ነው። አይቆጡም፣ አያሳጡም። ካልሆነ ግን አይሆንም ነው።

ለእንቁጣጣሽ የያዝነውን መጋዘን ሊያዩልን ሲመጡ በቀጥታ ወደ ሶኬቱ ነበር የሄዱት። ባለቤቱ ኤክስቴንሽን በኤክስቴንሽን ላይ ቀጣጥሎ ከምንጣፍ ሥር አሳልፎታል፤ መብራቱም የቢራ ፍሪጁም አንድ ቦታ ላይ ተሰክተዋል። ጋሼ ሁሉን አስከፍተው፣ ሙዚቃውን ትንሽ አስጮኹና ጎንበስ ብለው በእጃቸው ጀርባ ገመዱን እየነኩ ሄዱ። አንዱ መገጣጠሚያ ጋ ሲደርሱ እጃቸውን ሰብሰብ አደረጉ። "ይሄው ግሏል፣ ገና ሰው ሳይገባ" አሉ። ምንጣፉ ተነሳ፣ ፍሪጁ ወደ ሌላ ብሬከር ዞረ፣ ከመኪናቸው ወፍራም ገመድ አምጥተው ዘረጉልን።

ከዚያ በሩ። የኋላው በር ላይ ሳይከፍል የሚሾልክ እንዳይኖር ተብሎ ሰንሰለት ተደርጎበታል። "እዚህ ቁልፍ ሳይሆን ሰው አቁሙ" አሉ። ባለቤቱ ተከራከረ። እሳቸውም እንግዲያው ልጆቹ ብራቸውን ይዘው ይሂዱ ብለው ወንበር ስበው ቁጭ። ተፈታ! ትልቁን ተጠቅላይ በር ደግሞ ከመውጫ እንዳትቆጥሩት አሉን፣ በኤሌክትሪክ ስለሚነሳ መብራት ከጠፋ ግድግዳ ነው።

ቀጥለው መብራቱን በሙሉ አስጠፉና ስልክ ሳታበሩ ውጡ አሉን። ሳቅን። ከዚያ ሁላችንም እየተደናበርን ወደ ገባንበት በር፤ የኋላውን ያስታወሰ አልነበረም። ሮድ አይላንድ ውስጥ በ2003 ስቴሽን የሚባለው ክለብ ሲቃጠል የሆነው ይሄው ነው። መድረክ ላይ የተተኮሰው ርችት፣ ድምፅ ለማፈን ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን ስፖንጅ ለኮሰው፣ አብዛኛው ሰው ወደ ገባበት በር ተንጋጋ፣ 100 ሰው አለቀ። ክፍሉ ሰው የማይተርፍበት ለመሆን የፈጀበት ጊዜ ወደ 90 ሰከንድ ነው። እናም አሁን በየመውጫው በባትሪ የሚበራ ምልክት አለን፣ ሁለቱም በር ጋ ያልጠጣ ሰው ይቆማል። ስፖንጅ የለጠፋችሁ ልጆች ደግሞ ሳትጠሯቸው በፊት ንቀሉት፣ ሲያዩት ፊታቸው ይጠቁራል።

የኛ የሐበሾች ነገርም አለ። ቡና ያለ ከሰል ቡና አይደለም ያለች እህት ነበረች (ልክ ናት፣ ግን)። ጋሼ "ልጄ፣ ከሰሉም ዕጣኑም ውጪ፣ ቡናውም እዚያው ይጠጣ" አሏት። ከሰል በዝግ ቤት ሰው እንደሚገድል አገር ቤት እየሰማን ነው ያደግነው፣ ፓርቲ ሲሆን ለምን እንደምንረሳው አላውቅም። ሻማው በባትሪ መብራት ተቀየረ። የጭስ ማሽን ተጠቅማችሁ የእሳት ማስጠንቀቂያ ደወሉ እንዳይጮኽ ፌስታል የምታለብሱትም ተዉ፣ ማሽኑ ይቅር።

የሰው ቁጥር ላይ ተጨቃጭቀናል። የሰጡን ቁጥር ካሰብነው በታች ነበር። የስዊድኗን የጎተንበርግን ነገር ሲነግሩን ግን ዝም አልን፤ በ1998 ከማኅበር በተከራዩት አዳራሽ ውስጥ 63 ወጣቶች ሞቱ፣ ብዙዎቹ የስደተኛ ልጆች። ለ150 ሰው የተፈቀደ አዳራሽ ውስጥ ወደ 400 ሰው ገብቶ ነበር፣ እሳቱም የተለኮሰው በአደጋ ጊዜ መውጫው ደረጃ ላይ ነው። በር ላይ አንዲት ልጅ ቆማ የገባውንም የወጣውንም በመቁጠሪያ ያዘች። ጓደኞቻችን ውጪ ቀርተው ተቀየሙን፣ ትርፍም አላየንም። ይሁን።

ጉድለታቸውን ልደብቅ አልፈልግም። ስልክ አያነሱም። እሁድ ቤተ ክርስቲያን ናቸው፣ ቴክስት እንኳ አትላኩ። የከተማ ፈቃድ አያወጡላችሁም፣ እሱ የናንተ ሥራ ነው። ፎቅ ላይ ሆኖ አንድ ደረጃ ብቻ ያለውን ቦታ ደግሞ አይነኩም። የማውቃቸውን ልጆች እንዲህ ብለው መልሰዋቸው ልጆቹ እስካሁን ያኮርፋሉ፣ እኔ ከጋሼ ጋር ነኝ። ዋጋቸው ለአንድ ዲጄ ከምትከፍሉት ያንሳል።

ቁጥራቸውን የምትፈልጉ በኢንቦክስ ጠይቁኝ። ቀኑን፣ የበሮቹንና የብሬከር ሳጥኑን ፎቶ አብራችሁ ላኩላቸው፣ ያለዚያ አይመልሱም። ቢያንስ ከሳምንት በፊት ይሁን፤ የፓርቲው ዕለት ለሚደውል ሰው መልሳቸው አንድ ነው፦ "አሁንማ ሰርዙት።"

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልን። ወፍራሙ ገመድ እኔ ጋ ነው፣ ቅዳሜ አመጣዋለሁ።