«ዳይሬክት ነው» ሲሏችሁ ዝም ብላችሁ እንዳትከፍሉ

ሲድኒ ከገባን ገና ሁለተኛ ቀናችን ነው። የእናቴ እግር እብጠቱ አልወረደም። የእኔም ንዴት አልበረደም።

ከለንደን ሲድኒ ትኬት ስንቆርጥ የለመንኩት አንድ ነገር ብቻ ነበር። እናቴን ጉልበቷን ያማታል፣ ትራንዚት አትችልም። ትኬት ቆራጩ ቀና ብሎ እንኳን ሳያየኝ «ዳይሬክት አለ፣ ግን ይወደዳል» አለኝ። ስንት ሰዓት ይፈጃል ስለው ስልኩን አወጣና ካልኩሌተር መታ። «17 ሺህ ኪሎ ሜትር ነው። በሰዓት 900 ይበራል። 19 ሰዓት በለው።» ቁጥሩን በዓይኔ ስላየሁ አመንኩት። ልዩነቱን ከፍዬ፣ አመስግኜው ወጣሁ። ዊልቸርም ለንደን ስንነሳና ሲድኒ ስንደርስ ብቻ አስያዝኩ።

13 ሰዓት ያህል ከበረርን በኋላ አውሮፕላኑ ዝቅ ማለት ጀመረ። ስክሪኑን ሳየው ሲንጋፖር ይላል። እንዳረፍን አስተናጋጇ ሁላችንም የእጅ ሻንጣችንን ይዘን እንድንወርድ ተናገረች። እናቴ ተኝታ ነበር። ስቀሰቅሳት «ደረስን?» አለችኝ። ምን ልበላት? ጎንበስ ብዬ ጫማዋን ላጥልቅላት ብል እግሯ አብጦ አልገባ አለ። ተረከዙን አጥፌ እንደ ነጠላ ጫማ አደረግኩላት። ዊልቸር ስጠይቅ አልተያዘም፣ ጠብቁ ተባልን። እሷ ግን «ተወው፣ ሰው አታስቸግር» ብላ ትከሻዬን ይዛ ያንን ኮሪደር እየጎተተች ሄደችው። ከዚያ ተመልሰን ለመሳፈር እንደገና ፍተሻ፣ እንደገና ሰልፍ።

ሰልፉ ላይ ሆኜ ለሰውዬው ደወልኩ። «ወንድም፣ ዳይሬክት አልኩህ እንጂ አያርፍም መቼ አልኩህ? የበረራ ቁጥሩ አንድ አይደል?» አለና ሳቀ። ከጎኑ ሌላ ሰው ሲስቅም ሰማሁ። ከዚያ ዘጋብኝ። እናቴ «ምን አለህ?» ስትለኝ ምንም አልኳት።

ለካ በእነሱ ቋንቋ ዳይሬክት ማለት የበረራ ቁጥሩ አይቀየርም ማለት ብቻ ነው። መሃል ላይ ማረፍ ይችላል። የማያርፈው ኖንስቶፕ ነው የሚባለው። ሰውዬው ይህን አሳምሮ ያውቃል፤ ትራንዚት አትችልም ስለው ሰምቶኛል። ኪሎ ሜትሩን አልዋሸም። ለንደን ሲንጋፖር ወደ 10,900፣ ከዚያ ሲድኒ ወደ 6,300 ነው፤ ሲንጋፖር መንገድ ላይ ናት ማለት ይቻላል። የደበቀኝ መውረዱን፣ መሬት ላይ የሚባክነውን ጊዜና እንደገና መነሳቱን ነው። ሁሉም ሲደመር ወደ 23 ሰዓት መጣ። በፈረንጆቹ 2019 አንድ አውሮፕላን ለሙከራ ከለንደን ሲድኒ ሳያርፍ በ19 ሰዓት ከ19 ደቂቃ ገብቷል፤ የጫነው ግን 50 ሰው ገደማ ብቻ ነበር። ሰውዬው ለእናቴ የሸጠላት ያንን ሰዓት ነው።

የሚያንገበግበኝ ደግሞ ትኬቱ ላይ «1 ስቶፕ» ተብሎ መጻፉ ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ እጄ ላይ ነበር። ቀኑንና ስማችንን አይቼ አጠፍኩት።

ስትቆርጡ «መሃል ላይ ያርፋል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ስቶፕ የሚለውንም ሳትከፍሉ እዩ። ኪሎ ሜትሩን ለአውሮፕላኑ ፍጥነት አካፍሎ ሰዓት የሚነግራችሁን አትስሙት።

የመልሱ ትኬታችንም ያው ነው። የሲንጋፖሩን ዊልቸር ዛሬ ጠዋት አየር መንገዱ ጋ ራሴ ደውዬ አስያዝኩ።